ኦሃዮ ነው የምኖረው፤ «አይዞህ» አትበሉኝ

ባለፈው ሰመር ቨርጂኒያ ሰርግ ተጠርቼ ስድስት ሰዓት ተኩል ነድቼ ሄድኩ። ጠረጴዛችን ላይ አሥር ሰው ነን። መተዋወቅ ተጀመረ። አንዱ ከአሌክሳንድሪያ፣ አንዷ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባልና ሚስት ከሲያትል፣ አንድ ልጅ ከኦክላንድ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

«ኮሎምበስ» አልኩ።

«የቱ ኮሎምበስ?»

«ኦሃዮ።»

ጠረጴዛው ለአፍታ ጸጥ አለ። ከጎኔ የተቀመጡት፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰውዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞህ» አሉኝ። ከልባቸው ነው። ወጣቶቹማ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። በእነሱ ኢንተርኔት ላይ ኦሃዮ ግዛት መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ እንግዳና የማይረባ ነገር ሁሉ የሚጠራበት ቀልድ ነው።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰርግ ነው፣ ምን ይባላል? ግን እስክስታው ሲጀመር ዙሪያዬን እያየሁ አንድ ጥያቄ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፦ እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ነገ ከሥራ ቢቀር ወሩን የሚሻገር ስንቱ ነው? ሳልጠይቅ ዋጥኩት። ይህ ጽሑፍ ያኔ የዋጥኩት ነው።

የምለው አጭር ነው። ውድ ከተማ ከሁሉ በላይ የሚወስድብን ጊዜያችንን ነው። ጊዜ የሌለው ሰው ደግሞ በመቶ ሺህ ሐበሻ መሀል ቢኖርም ብቻውን ነው። ርካሽ ከተማ ያንን ጊዜ መልሶ ሊሰጠን ይችላል። ለምን «ይችላል» እንዳልኩ ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ፤ እዚያ ላይ የምጣላው ከራሴ ሰፈር ሰዎች ጋር ነው።

ዘጠኝ ቀን

በ2018 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ለአራት ተከራይተን እንኖር ነበር። ሁለታችን ዲሲ መሀል ፓርኪንግ እንሠራለን፤ አንዱ ሌሊት ሌሊት ነዳጅ ማደያ፣ አንዱ ኡበር። ኅዳር ላይ አንድ ማታ ከደብረ ብርሃን ተደወለልኝ። የፓርኪንግ ባልደረባዬ ታላቅ ወንድም ነው። እናታቸው አርፈዋል። «በስልክ አልነግረውም። እናንተ አላችሁ አይደል፣ በወጉ አርዱልኝ» አለኝ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ጎህ ሳይቀድ ሰው ይሰበሰባል። አንድ ትልቅ ሰው፣ ቢቻል ቄስ ይኖራል። በሩ ሲከፈት ሰውዬው ገና ፊታችሁን ሲያይ ይገባዋል። ከዚያ የሚይዘው፣ አብሮት የሚያለቅስ፣ ቡና የሚያፈላ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።

እኛ ይህን ማሟላት አቃተን። ሰኞ እኔ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ወጥቼ መሄድ አለብኝ። ማክሰኞ የነዳጅ ማደያው ልጅ የለም። ረቡዕ ባለጉዳዩ ራሱ ሁለት ሺፍት ደርቧል። ሐሙስ ይመጣሉ ያልናቸው አባት አየር ማረፊያ ነው የሚሠሩት፣ ፈቃድ አጡ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኡበር የሚነዳው የሳምንት ገቢውን የሚለቅምበት ነው። ወሩም እያለቀ ነው፤ ኪራይ አንደኛው ቀን ላይ ነው። እኔ አንድ ጊዜ በመቅረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ወስጃለሁ፣ ሁለተኛው ስንብት ነው። «ነገ» እያልን ዘጠኝ ቀን አለፈ።

በዘጠኙ ቀን ልጁ አብሮን በላ፣ ቀለደ፣ ኳስ አየ። በስድስተኛው ቀን ለእናቱ መድኃኒት መግዣ ሁለት መቶ ዶላር ላከ። ብር መላኪያው ቤት አብሬው ሄጄ ነበር። ቅጹ ላይ ስሟን ሲጽፍ ከጎኑ ቆሜያለሁ። «እማዬን ሰሞኑን አላገኘኋትም፤ በደወልኩ ቁጥር ተኝታለች ይሉኛል» አለኝ። «ደክሟት ይሆናል» አልኩት።

በአሥረኛው ቀን ንጋት ላይ አረዳነው። ለቅሶው ጋብ ሲልለት መጀመሪያ የጠየቀው መቼ እንዳረፈች ነው። ነገርነው። በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ብሩን የላክሁ ቀን ታውቅ ነበር?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባ፤ ኪራይ ደርሶ ነበር።

«ጥፋቱ የእናንተ ነው፣ ከተማው ምን አደረገ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ እስከ ዛሬም ይቆረቁረኛል። ግን እስቲ ይህን መልሱልኝ፦ የሚዋደዱ፣ ክፉ ያልሆኑ ሦስት ጎልማሶች በዘጠኝ ቀን ውስጥ አንዲት ንጋት ማዋጣት ያቃታቸው ለምንድን ነው?

ኪራይን በሰዓት ቁጠሩት

የዚያ አፓርትመንት ኪራይ 2,100 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የዲሲ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 13.25 ዶላር ገባ፤ የእኔም ክፍያ ያው ነበር። 2,100ን ለ13.25 አካፍሉት። 158 ሰዓት ተኩል ይመጣል፣ ገና ታክስ ሳይነሳ። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው በአራት ሳምንት 160 ሰዓት ይሠራል። እንግዲህ ያን ቤት ብቻዬን ልያዝ ቢል፣ አራቱን ሳምንት ለግድግዳ ሠርቶ ለራሱ የምትተርፈው አንድ ሰዓት ተኩል ናት። ለዚህ ነው አራት የሆንነው። ለአራት ስንካፈለው ድርሻዬ 40 ሰዓት ግድም ነው፤ በ40 ሰዓት የማገኘው ደግሞ የአንድ ክፍል ግማሽ ነው።

በ2019 ኮሎምበስ መጣሁ፣ መጋዘን ገባሁ፣ በሰዓት 15 ዶላር። ባለ ሁለት መኝታ ቤት በ850 ዶላር ተከራየሁ። 57 ሰዓት ነው። በ40 ሰዓት ግማሽ ክፍል ወይስ በ57 ሰዓት ሙሉ ቤት? ሒሳቡ እኮ ይኸው ነው፣ ፍልስፍና የለውም።

«በባሕሩ ዳር ያለው ክፍያ ይበልጣል» የሚል ሰው አይጠፋም። ይበልጣል። በ2025 የሲያትል ዝቅተኛ ክፍያ 20.76 ዶላር ነበር፤ የኦሃዮ 10.70። ግን እዚህ መጋዘኑም፣ ሆስፒታሉም፣ የእኛ ሰው በብዛት የሚገባበት ሥራ ሁሉ ከ10.70 በላይ ነው የሚከፍለው፤ በዚያ ዋጋ ሰው አይገኝማ። ሶፍትዌር ኢንጂነር ሆነህ ሲያትል ላይ የእኔን አምስት እጥፍ የምትከፈል ከሆነ ይህ ጽሑፍ አንተን አይመለከትም፤ በሰላም ኑር። እኔ የምጽፈው በሰዓት ለሚከፈለው ነው። ብዙዎቻችን ነን።

በ2022 ኮሎምበስ ውስጥ የአንዲት ጎረቤታችን አባት አገር ቤት አረፉ። ወሬው የደረሰን ማታ ነው። በማግስቱ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሥራ አራት ሆነን በሯ ላይ ቆመናል። አንዷ ከሌሊት ሺፍት የሆስፒታል ልብሷን ሳታወልቅ ነው የመጣችው። መኪናዎቹ ግራና ቀኝ መንገዱን ሞልተውት ነበር (ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ ሄዶ ፓርኪንግ ፍለጋ ግማሽ ሰዓት የዞረ ሰው ይህን ያደንቅልኛል)። ሦስቱን ቀን ቤቷ ሰው አልጎደለበትም።

ኦሃዮ ያለ ሐበሻ የተለየ ደግ ነው እያልኩ አይደለም። ከአሥራ አራታችን ግማሹ ከዲሲና ከሲያትል የመጣን ነን። ሰዉ ያው ሰው ነው። የተለወጠው፣ አንድ ቀን ከሥራ መቅረት የሚያስከፍለው ዋጋ ነው።

ይዘነው የመጣነው ካርታ

ታዲያ ይህ «አይዞህ» ከየት መጣ? ከፈረንጅ የተማርነው አይመስለኝም። ከአገር ቤት ይዘነው ነው የመጣነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ክፍለ ሀገር» የሚለውን ቃል በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚናገረው አስታውሱ። ጎንደርም ይሁን ሐዋሳ፣ ጅማም ይሁን ደሴ፣ ሁሉም በአንዲት ቃል ይጠቀለላል። እዚህ መጥተን ደግሞ በሁለቱ ውቅያኖሶች መሀል ያለውን አገር በሙሉ «ገጠር» ብለን ጠቀለልነው።

ስለ ገጠሩ እንነጋገር ከተባለ፣ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ የኮሎምበስ ከተማ ነዋሪ 905,748 ነው። የዋሽንግተን ዲሲ 689,545፣ የሲያትል 737,015፣ የሳን ፍራንሲስኮ 873,965። ሦስቱንም እንበልጣለን። እርግጥ ነው፣ እዚህ ቁጥር ውስጥ ትንሽ ብልጠት አለ። ኮሎምበስ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ውኃና ፍሳሽ መስመሯን የምትዘረጋው በከተማዋ ለመጠቃለል ለተስማማ ሰፈር ብቻ ስለነበር ዙሪያዋን እየዋጠች ነው የሰፋችው። የከተሞቹ ዙሪያ አብሮ ሲቆጠር እነሱ ይበልጡናል። ቢሆንም 900 ሺህ ሰው የሚኖርበት፣ ግዙፍ ዩኒቨርሲቲ ያለው፣ ከሚኒያፖሊስ ቀጥሎ በአሜሪካ ትልቁ የሶማሌ ማኅበረሰብ የሰፈረበት ከተማ በየትኛው መዝገበ ቃላት ነው ገጠር የሚባለው? እንጀራ ስጨርስ የምገዛው ከሶማሌ ሱቅ ነው፤ ከቤቴ አምስት ደቂቃ።

ውድ ነገር ሁሉ ጥሩ ይመስለናል፤ ይህም አብሮን የመጣ ነው። የባሕር ዳር ከተሞች የተወደዱት ግን ሕይወት እዚያ ስለሚጣፍጥ ብቻ አይደለም። በአንድ በኩል ውኃ፣ በሌላ በኩል ተራራ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሕግ አለ። ዲሲ ውስጥ ሕንፃ ከተወሰነ ከፍታ በላይ እንዳይሠራ በ1910 የወጣው ሕግ ዛሬም ይሠራል። በአብዛኛዎቹ የአሜሪካ ከተሞች ሰፊው የመኖሪያ መሬት ለብዙ ዘመን ለአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ የተከለለ ነበር፤ አፓርትመንት መሥራት ክልክል ነው። ሰው እየበዛ ቤት ካልተሠራ የሚሆነውን አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሊነገረው አይገባም።

ማን ነው የተሰደደው?

«ዲሲ እኮ የእኛ ከተማ ናት» ይሉኛል። እስቲ የእኛን ከተማ ታሪክ እንይ።

በ1980ዎቹ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የነበሩት አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው ጎዳና ላይ ነው። እዚያ ኪራይ ሲንር ወደ ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና ወረዱ። ያ ሰፈር በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ሰሞን በተነሳው ረብሻ ተቃጥሎ ለዓመታት ተጥሎ ስለነበር ርካሽ ነበር። የእኛ ሰዎች የተዘጋ ሱቅ ከፈቱ፣ ጨለማ መንገድ ላይ መብራት አበሩ። የሜትሮው ጣቢያ በ1991 ተከፈተ። በ2005 አካባቢ 9ኛውን ጎዳና «ትንሿ ኢትዮጵያ» ለማሰኘት ሲሞከር፣ በትውልድ ቅብብል እዚያ የኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙና ሳይሆን ቀረ። እነሱ «የእኛ ሰፈር ነው» አሉ፣ እኛም «እኛ አቀናነው» አልን። ስንከራከር ኪራዩ መጥቶ ከሁለታችንም ወገን ብዙውን ሰው አስወጣ።

ከዚያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ። አሁን ደግሞ ወደ ጀርመንታውን፣ ወደ ዉድብሪጅ። ሲያትልም ያው ነው፤ ከሴንትራል ዲስትሪክት ወደ ሬኒየር ቫሊ፣ ከዚያ ወደ ቱክዊላ፣ ሬንተንና ኬንት። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ምልክት ከ2002 ጀምሮ በይፋ ተሰቅሏል፤ ደስ ይላል። ከምልክቱ ሥር ቤት መግዛት የሚችል አስተናጋጅ ካያችሁ ግን ንገሩኝ።

እኔ ከባሕሩ ዳር የተሰደድኩ ተሸናፊ ተደርጌ ስቆጠር የሚገርመኝ ይህ ነው። እናንተም እኮ እየተሰደዳችሁ ነው፤ በየአምስት ዓመቱ አሥር አሥር ማይል ስለሆነ አልታወቃችሁም። እኔ አራት መቶውን ማይል በአንድ ቀን ጨረስኩት።

እናንተ እውነት ያላችሁበት

ይህን ሁሉ ብዬ ኦሃዮ ገነት ናት ብል ውሸታም ነኝ።

ባቡር የለም። ኮሎምበስ የመንገደኛ ባቡር ካየች በ1979 ነው። መኪና ማለት እዚህ እግር ነው፤ ኢንሹራንሱ፣ ነዳጁ፣ ጥገናው ከኪራይ ካተረፍኩት ሰዓት ላይ ደህና አድርጎ ይቆርሳል። መኪናው የተበላሸ ቀን ሥራም የለም። ከኅዳር እስከ መጋቢት ሰማዩ አመድ ነው። ከዳለስ ተነስቶ ያለ አውሮፕላን ቅያሪ አዲስ አበባ መድረስ እዚህ የለም። የጥገኝነት ጉዳይ ያለው ሰው የስደተኞች ፍርድ ቤቱ ክሊቭላንድ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ነድቶ ይሄዳል።

ቋንቋም አለ። ዲሲ በ2004 ባወጣችው ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም አገልግሎት እንዲሰጡ ግዴታ አለባቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰዎች ታግለው ያመጡት ነው፣ ያገኙትም በአንድ ቦታ በብዛት ስለኖሩ ነው። እዚህ የሰፈሬ አስተርጓሚ እኔ ነኝ፤ በማላውቀው የሕክምና ቃል የትልልቅ ሰዎችን ሕመም ስተረጉም የማላበው ላብ የለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ያ ልጅ የሚለኝ ነው፤ እናቱን ዘጠኝ ቀን የደበቅንበት። ይቅር ብሎኛል፣ እንደዋወላለን። እሱ ዛሬም ሜሪላንድ ነው። «ና» ባልኩት ቁጥር «ልጄ እዚህ የሰፈሯ ልጆች አማርኛ ያወሩላታል፤ እዚያ ማን አላት?» ይለኛል። መልስ የለኝም። የእኔ ልጅ በአማርኛ ስጠይቀው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስልኝ።

ስፕሪንግፊልድም አለች። ሴፕቴምበር 2024 በፕሬዚዳንታዊው ክርክር ላይ ዶናልድ ትራምፕ በዚያች ከተማ ያሉ ስደተኞች የሰው ውሻና ድመት ይበላሉ አለ። የተነገረው ስለ ሄይቲዎች ነው። የከተማዋ ባለሥልጣናት እንዲህ ያለ ማስረጃ የለም ቢሉም በቦምብ ማስፈራሪያ ትምህርት ቤቶች ባዶ ሆኑ። ከእኔ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ሄይቲዎቹ ወደዚያ የሄዱት ለምን ነበር? ሥራ ስላለና ኪራዩ ስለሚቀምስ። እንደኔው ማለት ነው። ያን ሳምንት ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ወዲያው አልሄድኩም፤ በሩ እስኪዘጋ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ርካሽ ኪራይ ከዚህ ዓይነቱ ፍርሃት አያድንም።

እነዚህን ሁሉ መዝኜ ነው እዚህ የቀረሁት። «ኦሃዮ ይከብዳል» በሉኝ፣ እሰማለሁ። «አይዞህ» ግን ሌላ ነገር ነው። ሕይወቴ ቆሟል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ለእኛዎቹ

ከባሕር ዳሮቹ ጋር ከተጣላሁ ዘንድ የራሴን ሰፈር ሰዎች ሳልነካ አልወጣም። ቲክቶክ ላይ «ኦሃዮ ኑ! ቤት በነፃ ነው!» እያላችሁ በየሳምንቱ ቪዲዮ የምትለቁ፣ አዎ፣ እናንተን ነው።

ርካሽነት የዚህ አፈር ተፈጥሮ አይደለም። እዚሁ ግዛት ውስጥ ያለችውን ክሊቭላንድን ተመልከቱ። በ1950 ከ900 ሺህ በላይ ሰው ነበራት፤ በ2020 የቀራት 373 ሺህ ገደማ ነው። እዚያ ቤት የረከሰው ፋብሪካ ተዘግቶ ሰው ስለሄደ ነው። የእኛ ደስታ የሌላ ሰው ሐዘን ያለበት ቦታ ላይ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ቢያንስ ዝቅ ባለ ድምፅ እንደሰት።

ኮሎምበስ ደግሞ በተቃራኒው ሰው እየመጣባት ነው። በ2022 ጃንዋሪ ኢንቴል ከከተማዋ ምሥራቅ በ20 ቢሊዮን ዶላር ሁለት የቺፕ ፋብሪካ እሠራለሁ አለ። በ2025 ይጀምራል የተባለው ሥራ ወደ 2030ዎቹ ተገፍቷል። ፋብሪካው ሳይደርስ የቤቱ ዋጋ ደረሰ። እኔ በ850 የተከራየሁት ቤት ዛሬ 1,300 ነው፤ ዛሬ በሰዓት 20 ዶላር የሚያገኝ ሰው 65 ሰዓት ሠርቶ ነው የሚከፍለው። 57 የነበረው 65 ሆነ። አካሄዱን የት እንደማውቀው ልንገራችሁ? ዩ ስትሪት ላይ።

እና እኛ ምን አደረግን? ከኪራይ ባተረፍነው ሰዓት ሦስተኛ ሺፍት ያዝን። በሦስተኛው ሺፍት ሁለተኛ ቤት ገዛን። ሁለተኛውን ቤት ትናንት ለመጣ ልጅ፣ ክሬዲት የለህም ብለን ከገበያው አስበልጠን አከራየነው። ያን ልጅ አራት ሆነው እንዲኖሩበት አደረግነው። በቃ፣ ሲልቨር ስፕሪንግን ጭነን ኦሃዮ አመጣናት ማለት ነው! ነገ ለዚያ ልጅ መርዶ ቢመጣ የሚነግረው ሰው በስንት ቀን ይገኛል?

ራሴን አላወጣም። በ2024 ጁላይ የኮሎምበስ ምክር ቤት የከተማዋን የግንባታ ደንብ ቀየረ። ከሰባ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ትልቅ ለውጥ ነው የተባለለት፣ በዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ ረጃጅም አፓርትመንቶች እንዲሠሩ የሚፈቅድ። የልጆቻችንን ኪራይ የሚወስን ነገር ነው። ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥ ተጠርቶ ነበር። በኋላ የማውቃቸውን ሐበሾች ጠየቅሁ፣ አንድም የሰማ የለም። እኔም አልሰማሁም፤ ኦቨርታይም ላይ ነበርኩ። የሚኒያፖሊስ ምክር ቤት ገና በ2018 ነው ከአንድ ቤተሰብ ቤት በቀር አይሠራም የሚለውን ክልከላ ለማንሳት የወሰነው። ይህ ነገር ከሰማይ አይወርድም፤ ስብሰባ ላይ የተገኘ ሰው ነው የሚወስነው። ለመገኘት ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል፣ እሱ ነው እኮ እዚህ ያገኘነው።

ስለዚህ ወደ ኦሃዮ፣ ወደ ኢንዲያና፣ ወደ ሚኒሶታ ለመምጣት የምታስቡ ወጣቶች፣ ኑ። ግን የምታተርፉትን ሰዓት ምን እንደምታደርጉበት አስባችሁ ኑ። እድር ግቡ። እቁብ ጣሉ፤ የመጀመሪያው ዕጣ ለአዲስ መጤው የቤት ማስያዣ ይሁን። ቅዳሜ ጠዋት ልጆች ሰብስቦ ፊደል የሚያስቆጥር ሰው እንፈልጋለን፤ እኔ ከባለቤቴ ጋር ሳሎናችን ውስጥ ከስድስት ልጆች ጋር ጀምረናል። ልጄ «ሀ ሁ» ሲል ፊቱን ያጨማድዳል፣ ግን ይላል። ለሜሪላንዱ ጓደኛዬ ቪዲዮውን ልኬለታለሁ። «ስድስት ብቻ?» ብሎ መለሰልኝ። «ሰባተኛዋን አምጣት» አልኩት። ገና እያሰበበት ነው።

ሰርጉ ላይ «አይዞህ» ላሉኝ አባትም አንድ መልእክት አለኝ። ንቀት እንዳልነበረበት አውቃለሁ፣ አልተቀየምኩም። ቃሉን ግን ያለቦታው አያውጡት። እናቴ አገር ቤት ናት፣ ሰማንያ ሊሞላት ነው። አንድ ቀን ንጋት ላይ በሬ መንኳኳቱ አይቀርም። ያኔ «አይዞህ» ይበሉኝ፤ ያኔ ሺፍትዎን አስተካክለው ይምጡ። ቤቴ ሰፊ ነው፣ ማደሪያ አለ፣ ደጁ ላይ ፓርኪንግ ሞልቷል።